በአንዱ አሳሽ የሚሠራ፣ በሌላው የሚገተር ፕሮግራም

ድረ ገጾችን ያለ ሰው እጅ የሚፈትሽ ፕሮግራም በክሮም በሚገባ ሠርቶ፣ በፋየርፎክስ ግን ስሕተት እንኳ ሳያሳይ ተገትሮ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውን ሴሊኒየምን ለሚጠቀሙ ባለሙያዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ አሳሽ ትእዛዝ የሚቀበለው «ድራይቨር» በተባለው የራሱ አስተርጓሚ በኩል ነውና።

በቅድሚያ የአሳሹና የድራይቨሩ ሥሪት መጣጣሙ ይታያል። ቀጥሎ የድራይቨሩ መዝገብ ይነበባል፤ የመጨረሻው መሥመር ሥራው የት ላይ እንደቆመ ይጠቁማል። አንዳንዴ መንሥኤው ተጭኖ ያላለቀ አንድ ምስል ብቻ ነው፤ በመደበኛው ደንብ ድራይቨሩ ገጹ ተጭኖ እስኪያበቃ እስከ 300 ሰከንድ ይታገሣል። የጥበቃውን ጊዜ ማሳጠር የተሰወረውን ችግር ቶሎ ያጋልጣል።

ፍተሻውን በዚያ አሳሽ መተው ግን መፍትሔ አይሆንም። ጉድለቱ የገጹ ከሆነ፣ ደጅ የሚጠናው ተጠቃሚው ነው።