ከባልንጀሮች ጋራ በአደባባይ መቆም

ሥዕል የሚማር ልጅ በትምህርት ቤት ሳለ የሚፈራው መምህሩን ብቻ ነው፤ ሥራውን በአደባባይ የሰቀለ ዕለት ግን ዳኛው ብዙ ነው። ብቻውን ቢቆም ነቀፌታው በእርሱ ላይ ብቻ ይወድቃል፤ ከባልንጀሮቹ ጋራ ቢቆም ደግሞ የእነርሱ ስም ከስሙ ጋራ ይነሣል። ስለዚህ ወላጆች ልጃቸው ከማን ጋራ እንደሚቆም ማሰባቸው ተገቢ ነው። ለዚህም ነገር የፈረንሳዊቷ ሠዓሊ የቤርት ሞሪሶ ታሪክ መልካም ምስክር ይሆናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ቤርት በ1841 ከአንድ የመንግሥት ሹም ቤት ተወለደች። የፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1897 ድረስ ሴቶችን አይቀበልም ነበርና፣ እርሷና እኅቷ ኤድማ ትምህርታቸውን የተማሩት ከግል መምህራን ነው። ከመምህሮቻቸው አንዱ ሙሴ ጊሻር የልጆቹን ስጦታ ባዩ ጊዜ፣ ትምህርቱ ከጊዜ ማሳለፊያ አልፎ እውነተኛ ሠዓሊዎች እንደሚያደርጋቸውና ይህም ለእንዲህ ያለ ቤተ ሰብ መከራ ሊሆን እንደሚችል ለእናታቸው አስጠነቀቁ። እናቲቱ ግን ትምህርቱን አላስቆሙም። እኅትማማቾቹ በሉቭር ቤተ መዘክር የታላላቆችን ሥዕል እየቀዱ ተማሩ፤ በ1864 ሥራቸው ሳሎን በተባለው ታላቅ ትርኢት ለመታየት በቃ። ኤድማ በ1869 ባል ባገባች ጊዜ ብሩሿን አስቀመጠች፤ ቤርት ግን ብቻዋን ቀጠለች።

በ1874 ሞኔ፣ ረኑዋር፣ ፒሳሮ፣ ዴጋና ጓደኞቻቸው የሳሎንን ዳኞች ፈቃድ ሳይጠብቁ በማኅበር ሆነው ሥራቸውን ለሕዝብ ለማሳየት ቈረጡ። ሠዓሊው ኤዱዋር ማኔ ወዳጇ ሳሉ እንዳትገባ መከሯት፤ እርሷ ግን ገባች። ትርኢቱ ሚያዝያ በገባ በ15ኛው ቀን፣ ፎቶግራፍ አንሺው ናዳር ቀድሞ ይሠሩበት በነበረ ቤት ተከፈተ። 30 የሚያህሉ ሠዓሊዎች ከ160 የሚበልጡ ሥራዎች አቀረቡ፤ የመግቢያው ዋጋ 1 ፍራንክ ሲሆን በአንድ ወር ውስጥ 3,500 ያህል ሰው ገብቶ አየ።

ከገቡትም ብዙዎቹ ሣቁ። ሉዊ ለሯ የተባለ ጸሐፊ ሞኔ ለሥዕሉ ከሰጠው ስም ቃል ወስዶ፣ ለማላገጥ «ኢምፕሬሲዮኒስት» አላቸው። ሙሴ ጊሻርም ትርኢቱን ካዩ በኋላ ለቤርት እናት ደብዳቤ ጽፈው፣ ልጅቱ ከእንደዚህ ካሉ ሰዎች እንድትለይ አጥብቀው መከሩ።

የመምህሩ ሥጋት ከንቱ አልነበረም፤ መሣለቂያ መሆኑም ኪሣራውም ደርሷልና። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ሲመረመር በእያንዳንዱ አባል ላይ ከ184 ፍራንክ በላይ ዕዳ ተገኘ፤ ማኅበሩም ፈረሰ። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንዱን ሰው ይሰብር የነበረው ዕዳና ስድብ ለብዙ ስለ ተከፈለ የሚቻል ሆነ። ቤርትም አልተለየችም፤ ጓደኞቿ እስከ 1886 ካደረጓቸው 8 ትርኢቶች በ7ቱ ሥራዋን አቀረበች። የቀረችበት የ1879ኙ ብቻ ነው፤ ይኸውም ልጇን ዡሊን ከወለደች ጥቂት ወራት በኋላ ነበር።

በመጀመሪያው ትርኢት ካሳየቻቸው ሥዕሎች አንዱ «የሕፃን አልጋ» ይባላል፤ ኤድማ ከስስ መጋረጃ በታች የተኛች ሕፃን ልጇን ስትመለከት ያሳያል። ያን ጊዜ የሚገዛው ሰው አልተገኘምና በዘመድ ቤት ተቀመጠ፤ በ1930 ሉቭር ገዛው፤ ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ቤተ መዘክር ይታያል። ያቺ ብሩሿን ያስቀመጠች እኅት፣ ባልተወችው እኅቷ እጅ ትታሰባለች።

እንግዲህ ልጁ ከጓደኞቹ ጋራ ሥራውን ለሕዝብ ለማቅረብ ፈቃድ የሚጠይቀው ወላጅ፣ «ሰው ይሥቅብህ ይሆን?» ብሎ ብቻ አይመርምር። መሣቁ አይቀርም። ይልቅስ ባልንጀሮቹ ሥራ የሚወዱ፣ የእርስ በርሳቸውን ጕድለት በግልጥ የሚነጋገሩና ዕዳ በመጣ ጊዜ የማይሸሹ መሆናቸውን ይጠይቅ። እንዲህ ያሉ ከሆኑ፣ ልጁ ከእነርሱ ጋራ መቆሙ ራሱ ሌላ ትምህርት ቤት ነው።