የአክስቴ ነጠላና ቢጫው ሌንስ

አክስቴ የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተገፎ ሰው ሠራሽ ሌንስ ተተክሎላት ፋሻው በተነሣ ማግስት ነጠላዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ፈተሸችው። «ማነው ሰማያዊ ነገር ነክሮ ያጠበልኝ?» አለች። ማንም አልነከረውም። ቀኙን በመዳፏ ሸፍና ገና ባልተሠራው ግራ ዓይኗ ስታየው ደግሞ ያው ነጠላ ሻይ የተደፋበት መሰለ። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ እያየች ስትስቅ ዋለች።

የተሳሳተው አሮጌው ዓይን ነው። ተፈጥሯዊው ሌንስ ዕድሜ ሲገፋ ይወይባል፤ ሰማያዊውን ብርሃንም ያስቀራል። ለውጡ ዓመታት ስለሚፈጅ ባለቤቱ ልብ አይለውም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔም በ1923 እ.ኤ.አ. ቀኝ ዓይኑን ከተሠራ በኋላ ሰማያዊው በዛብኝ ብሎ አማርሯል። ያኔ የሚተከል ሌንስ አልነበረምና የወጣው ሞራ ቦታ ባዶውን ነበር የቀረው።

ጠያቂ ሲመጣ ግን ወሬውም አብሮ መጣ።

«ፕላስቲክ ነው አሉ የገባልሽ፤ ፀሐይ እንዳያቀልጠው!» አሉ አንዲት ጎረቤታችን። ፕላስቲክነቱ እውነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመታ አውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸው አብራሪዎች ነበሩ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ዓይናቸው ያንን ፕላስቲክ እንዳልተቆጣው አስተዋለና ኅዳር 29 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተከለ። መቅለጡን እርሱት፤ የዓይን ሙቀት ለዚያ አይበቃም።

የጎረቤታችን ስጋት ግን ከጀርባው አንድ ደህና ጥያቄ አለው። ተፈጥሯዊው ሌንስ ከ400 ናኖሜትር በታች ያለውን፣ ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር አብዛኛውን ውጦ ያስቀር ነበር። ተራው ፕላስቲክ ግን ብዙውን ያሳልፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የተተከሉት ሌንሶች በዚህ ረገድ የተከፈተ በር ነበሩ ማለት ይቻላል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምራቾች ጨረር የሚውጥ ኬሚካል ፕላስቲኩ ውስጥ መቀላቀል ጀመሩ። ከላይ የተቀባ ነገር አይደለም፤ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ጨው የተዋሐደ ነውና አይላላጥም፣ አይታጠብም። ኬሚካሉ ጨረሩን ይቀበልና ወደ ኢምንት ሙቀት ለውጦ ይለቀዋል፤ ራሱም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ዛሬ ከሚተከሉት ሌንሶች አብዛኞቹ ይህ አላቸው።

ከአሜሪካ የደወለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ፦ «ቢጫውን ብታስደርጊ ኖሮ! ነጩ ጨረር አይከለክልም።» ሁለት ነገር አንድ ጆንያ ውስጥ የተደባለቀው እዚህ ላይ ነው። ነጩ ሌንስ መልኩ ነው እንጂ ጠርቶ የሚታየው፣ አልትራቫዮሌቱን እሱም ያግዳል። ቢጫው የሚጨምረው ከሚታየው ብርሃን ውስጥ ሐምራዊውንና ሰማያዊውን በከፊል መቀነስ ብቻ ነው። የአልትራቫዮሌቱ ክርክር ተዘግቷል፤ የሰማያዊው ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው። የቢጫው ሌንስ ሐሳብ የመነጨው ኃይለኛ ሰማያዊ ብርሃን በቤተ ሙከራ የሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ሕዋሳትና የእንስሳትን ዓይን ሲጎዳ በመታየቱ ነው። በሰው ላይስ? ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም በ2018 እ.ኤ.አ. 51 ሙከራዎችን አሰባስቦ መረመረ። በዕይታ ጥራት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ ቢጫው የሬቲናን ማዕከል ከጉዳት ያድናል የሚል አስተማማኝ ማስረጃም አላገኘም። በሌላ ወገን ሰማያዊ ብርሃን ጠላት ብቻ አይደለም፤ በድንግዝግዝ ለማየት ያግዘናል፣ ቀንና ሌሊትን ለሰውነታችን የሚነግረው የሬቲና ክፍልም የሚነቃው በተለይ በ480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ብርሃን ነው። ቢጫው እንቅልፍ ይነሣል የሚሉትም ቢሆኑ በቂ ማስረጃ አላመጡም። በበኩሌ ሐኪሙ እጅ ያለው ቢጫው ከሆነ አልከራከርም፤ ለቢጫነቱ ብቻ ተጨማሪ ብር ክፈሉ ስባል ግን ኪሴን አጥብቄ እይዛለሁ። ዓለም ሁሉ ቢጫ ይሆንብኛል ብሎ መፍራትም አያስፈልግም፤ አንጎል ቶሎ ይለምደዋል።

ቴሌቪዥን ከልክሏት ያለም ነበር። አክስቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ጎመን ስትቀነጥስ ከሰማይ የሚደርሳት ሰማያዊ ብርሃን ከቴሌቪዥኑ እጅግ ይበልጣል። ድራማዋን ትይ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሁሉም ራሱን የነቀነቀበት የመጨረሻው ወሬ ነው፦ «እንግዲህ ጥቁር መነጽር አያስፈልግሽም፤ ውስጥሽ ገብቷል።» የተተከለው ሌንስ የተቀመጠው ከዓይን ጥቁር ክብ በስተኋላ ነው። የሚጋርደው ከኋላው ያለውን ሬቲና እንጂ ፊት ለፊት ያለውን ብሌንና የዓይን ቆብ አይደለም። በዓይን ነጭ ላይ ተነሥቶ ወደ ብሌኑ የሚሳበውን ሥጋም አይከላከልም፤ ለዚያ ሥጋ መብቀል ደግሞ የዓመታት ፀሐይ ትልቅ ድርሻ አለው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ለሆነችው አዲስ አበባ ይህ ቀላል አይደለም፤ ብርዱ ስለሚያታልለን እንጂ። መነጽሩን ስትገዙ ጥቁረቱን አትመኑ። ማጣሪያ የሌለው ጥቁር መስተዋት ከነጭራሹ ካለማድረግ ሊብስ ይችላል፤ ጨለማው የዓይንን ቀዳዳ ያሰፋና ጨረሩ እንደልቡ ይገባል። ዩቪ 400 የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ምልክቱ ግን ማንም ሊለጥፈው ስለሚችል የሚቻል ከሆነ መነጽር ቤት በመሣሪያ አስለኩት። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣና ጃንጥላም ከላይ የሚመጣውን ይቀንሳሉ።

የግራ ዓይኗ ተራ ሲደርስ አክስቴ ገና ከመቀመጧ «ይሄኛውስ ጨረር ይከለክላል?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሙ የሌንሱን ማሸጊያ አዙሮ አነበበላት፤ ከሥራው በኋላም ስሙና ቁጥሩ የተጻፈበትን ተለጣፊ ካርዷ ላይ ለጠፈላት። ካርዱ አሁን የዕድር ደብተሯ ውስጥ ነው።