ያውቁ ኖሯል? 4 ለ 2 ያለቁት ሁለቱ ፍጻሜዎች

አሶሳ ከማንጎ ዛፍ ሥር ልጆች ሲጫወቱ ቆም ብለው አይተዋል? ኳሷ ካልሲ ውስጥ ተጠቅጥቆ በሲባጎ የተጠፈረ ጨርቅ ናት፤ ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ባለኳሱ ልጅ ተከራክሮ ካኮረፈ ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። እንዲህ ያለ የኳስ ክርክር በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም ተነስቶ እንደነበር ያውቁ ኖሯል?

● ሐምሌ 23 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ሞንቴቪዴዮ፣ ሴንቴናሪዮ ስታዲየም። ኡራጓይና አርጀንቲና በማን ኳስ እንደሚጫወቱ መስማማት አቃታቸው። በመጨረሻ አንዱን አጋማሽ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ኳስ ተጫወቱ። አርጀንቲና በራሷ ኳስ የመጀመሪያውን አጋማሽ 2 ለ 1 መራች። ኡራጓይ በራሷ ኳስ ተነስታ 4 ለ 2 አሸነፈች።

● "ሴንቴናሪዮ" መቶኛ ዓመት ማለት ነው። ስያሜው የኡራጓይን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት 100ኛ ዓመት ያስታውሳል። ዝናብ ግንባታውን ስላዘገየው የዓለም ዋንጫው ከተጀመረ ከአምስት ቀን በኋላ ነው የተከፈተው። እስከዚያ ጨዋታዎቹ በከተማዋ ሌሎች ሜዳዎች ተካሄዱ።

● በዚያ ፍጻሜ የኡራጓይን አራተኛ ጎል ያስቆጠረው ኤክቶር ካስትሮ በልጅነቱ የቀኝ ክንዱን በኤሌክትሪክ መጋዝ ያጣ ሰው ነበር። አንድ እጅ የጎደለው ልጅ አድጎ የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ ዘጋ።

● ኡራጓይ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ በዓለም ዋንጫ የሰው ሜዳ ላይ ታሪክ ሠራች። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ በማራካና ስታዲየም ብራዚልን 2 ለ 1 ስትረታ ትኬት ገዝቶ የገባው ተመልካች ብቻ 173,850 ነበር። ለዋንጫው ብራዚልን አቻ መውጣት ይበቃት ነበር።

● እኛም የራሳችን ሴንቴናሪዮ አለን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ በዛሬው አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተገናኘች። ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለቴም አቻ ሆነች። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት። ውጤቱ? 4 ለ 2! እንደ ሞንቴቪዴዮው ሁሉ ባለሜዳው ከኋላ ተነስቶ አሸነፈ።

● በዚያ ቀን ሁለት ወንድማማቾች ጎል አስቆጥረዋል፤ ኢታሎና አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ። ሉቺያኖ ዋንጫውን የተቀበለው ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ነው።

● አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው አህጉሩን አገልግለዋል።

● ይኸው የአዲስ አበባ ስታዲየም በ1960 ዓ.ም. እና በ1968 ዓ.ም. ሌሎች ሁለት ሻምፒዮኖችን አይቷል። በመጀመሪያው ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ በሁለተኛው ሞሮኮ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ብትለያይም አቻው በቅቷት የመጀመሪያ ዋንጫዋን ወሰደች።

● ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን፣ ዋልያዎቹ፣ በዚህ ሜዳ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፉ። በካርቱም 5 ለ 3 ተሸንፈው ነበር የመጡት። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጭ ባገቡት ጎል ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ።

● ፊፋ ሴንቴናሪዮን እ.ኤ.አ. በ1983 የዓለም እግር ኳስ ታሪካዊ ቅርስ ብሎ ሰይሞታል። የእኛው ባለታሪክ ስታዲየም ግን የአህጉሩን መስፈርት ሳያሟላ ቀርቶ ዋልያዎቹ "የሜዳቸውን" ጨዋታ በባዕድ አገር ለመጫወት ተገደዋል። ይህ ሊያንገበግበን ይገባል።

የሁለቱ ፍጻሜዎች ምስጢር አንድ ነው፤ ከኋላ የተነሱት ሁለቱም ባለሜዳ ነበሩ። ሜዳ ያለው ሲመሩትም ተስፋ አይቆርጥም። ስለዚህ ብሔራዊ ቡድናችን በአገሩ መጫወት አለበት። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባለችው አሶሳ የሚኖረው ልጅም፣ በርታም ይሁን ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ ወይም ኮሞ፣ እንዲሁም በአካባቢው የሚኖር ሌላው ልጅ ሁሉ፣ ደልዳላ ሜዳ ይገባዋል። ኳሷንማ ራሱ ጠፍሯታል።