ነቢይና ትርፍ፦ በጆሮ አንድ፣ በፊደል ሁለት



የተማሪዎችን ደብተር ስናርም በየዓመቱ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ይገጥመናል። ተማሪው «ነቢያችን እውነተኝነትን አስተማሩን» ብሎ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ይነሣል። ሰዋስው ደህና ነው፤ ግሱም በኀላፊ ጊዜ ተቀምጧል። ነገር ግን «ነቢይ» ብሎ የጻፈው ቃል «ትርፍ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ልጁ በልቡ ያሰበው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የነጋዴ ሒሳብ ነው። ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ቢያነበው ማንም ስሕተቱን አይሰማም፤ ምክንያቱም ሁለቱም ቃላት ሲነገሩ «ፕሮፊት» ናቸው። የሚለያቸው ብዕር ብቻ ነው። ነቢይ ማለት የሆነው ከመካከሉ ፒ እና ኤች፣ ከመጨረሻው ኢ እና ቲ አለው። ትርፍ የሆነው ደግሞ በኤፍ ይጻፍና በአይ እና በቲ ያልቃል።

ይህን የምናነሣው በልጆች ለመሣቅ አይደለም። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ባዮሎጂውም ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ አገር አቀፍ ፈተናውም እንደዚሁ። ሥራ ለመጠየቅ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት፣ ስለ ዲኑ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት የሚፈልግ ወጣትም ይህን ቋንቋ ይሻዋል። አንዳንድ ወላጆች እንግሊዝኛን ልጅን ከዲን የሚያርቅ አድርገው ሲያዩት እንሰማለን። ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ ተምረው በግማሽ ወር ገደማ እንደቻሉት ቲርሚዚይ ዘግበውታል። የተማሩትም የሚመጡትን ደብዳቤዎች ሌላ ሰው ሳያስፈልግ ለማንበብና መልስ ለመጻፍ ነበር። በደብዳቤ ጉዳይ እንግዲህ አንዲት ፊደል ቀላል ነገር አይደለችም።

እንግሊዝኛ ለምን እንዲህ ያስቸግራል? ትልቁ ምክንያት ብዕሩና አፉ በተለያየ ጊዜ መቆማቸው ነው። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ቤት ሲከፍት የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ድምፅ ገና በመለዋወጥ ላይ ነበር። ማተሚያው አጻጻፉን እያሰረው ሲሄድ የሰዉ አፍ ግን መለወጡን አላቆመም። «ማወቅ» የሚለው ቃል በኬ የሚጀምረው ጥንት ኬዋ ትነገር ስለነበር ነው። ጀርመኖች ጉልበትን ዛሬም «ክኒ» ብለው ኬዋን ያሰሟታል፤ እንግሊዞች ግን ጽፈው ዝም ይሏታል። በዚህ ምክንያት «ማወቅ» እና «አይደለም» ዛሬ ሁለቱም «ኖ» ሆነዋል። ሌላው ምክንያት ቃላቱ ከየአገሩ መሰብሰባቸው ነው። ነቢይ የሚለው ከግሪክ ስለመጣ ፒ-ኤቹን ይዞ ቀርቷል፤ ትርፍ የሚለው ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ነው የመጣው። «ዕዳ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው ቢማ ከሁሉ ታስገርማለች። በእንግሊዝኛ አንድም ቀን ተነግራ አታውቅም፤ ላቲን የሚወዱ ሊቃውንት የቃሉን ዘር ለማሳየት ብለው ያስገቧት ናት። ተማሪው ቢዋን ባለመስማቱ ሊወቀስ አይገባም።

ለሙስሊም ተማሪ ከነቢይና ከትርፍ ቀጥሎ ጥንቃቄ የሚሻው ጥንድ «ፕሬይ» ነው። በፒ-አር-ኤ-ዋይ ሲጻፍ መስገድ ወይም ዱዓ ማድረግ ነው፤ ኤዋ በኢ ከተተካች ታዳኝ እንስሳ፣ የአውሬ ምርኮ ይሆናል። «በቀን አምስት ጊዜ እንሰግዳለን» ያለ ልጅ በአንዲት ፊደል አዳኝ ሆኖ ይገኛል። ልጆቹ ይህን አንድ ጊዜ ከሰሙ አይረሱትም። ሥቆ የተማረ አይረሳም የሚለው የብዙ መምህራን ልምድ ነው።

«ዜር» የሚባሉትን ሁለት ቃላት ለመለየት በውስጣቸው የተደበቀውን መፈለግ ይበጃል። «እዚያ» ማለት የሆነው ውስጥ «እዚህ» የሚለው ቃል ሙሉ ለሙሉ አለ፤ ከፊቱ ቲ ብቻ ነው የተጨመረችው። «የት» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሦስቱም የቦታ ቃላት ቤተሰብ ናቸው። «የእነርሱ» ማለት የሆነው ውስጥ ደግሞ «ወራሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቀምጧል። ወራሽ ባለ ንብረት ነውና የእነርሱነትን ያስታውሳል። «መስማት» የሚለው በውስጡ «ጆሮ»ን ስለያዘ «እዚህ» ከሚለው ጋር አይምታታም። ርእሰ መምህርና መርሕ የሚባሉትን ጥንዶች ለመለየት ደግሞ በርእሰ መምህሩ ቃል መጨረሻ ላይ «ጓደኛ» የሚል ቃል አለ ይባላል፤ ተማሪዎቻችን ግን ይህን ለማመን ይቸገራሉ።

እስካሁን ያየናቸው በእርግጥ አንድ ድምፅ ያላቸው ናቸው። ሌሎቹ ግን የኛ ጆሮ ነው አንድ የሚያደርጋቸው። አጭሩ «ሺፕ» መርከብ ነው፤ ሳብ ተደርጎ የሚነገረው በግ ነው። ለዒድ አባቱ በግ መግዛታቸውን ሊነግረን የፈለገ ልጅ መርከብ ያስገዛቸዋል! «መሙላት» እና «ስሜት»፣ «መኖር» እና «መሄድ» ለሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላትም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ በርዝመት ብቻ አይደለም፤ ለአጭሩ ምላስ ትንሽ ዝቅና ላላ ይላል። መድረሳ የገባ ልጅ ግን ድምፅን መሳብ ትርጉም እንደሚለውጥ አስቀድሞ ያውቃል። «ቀተለ» ገደለ ነው፤ አሊፏን ስቦ «ቃተለ» ሲል ተዋጋ ይሆናል። መድ ማለት ይኸው ነው።

«ማሰብ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም እንዲሁ ነው። ብዙ ተማሪዎች «ሲንክ» ብለው በሲን ድምፅ ስለሚያወጡት «አስባለሁ» ያሉት «እሰምጣለሁ» ይሆናል። የሚፈለገው ድምፅ ኡስታዙ የምላስህን ጫፍ በጥርሶችህ መካከል አድርግ እያሉ የሚያስተምሩት የሣእ ድምፅ ነው። «ይህ» እና «ያ» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላትም የዛልን ድምፅ ይፈልጋሉ። ያው ልጅ ጧት በመድረሳ ሣእን አሳምሮ ያወጣና ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤት ይተዋታል፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የነገረው የለምና። ወላጆች መድረሳው የትምህርት ሰዓት ይሻማል ብለው ሲሰጉ እንሰማለን። በዚህ በኩል ግን መድረሳው ያበደረውን ትምህርት ቤቱ ሳያውቅ እንደሚጠቀምበት ማየት ይገባል። (ዐረብኛ ራሱ ፐ ስለሌለው ዐረቦች መናፈሻውን «ባርክ» ሲሉት ይሰማል። በዚህስ አማርኛችን ረድቶናል።)

አንዲት ድምፅ ምን ልታበላሽ እንደምትችል ከቁርኣን ጽሕፈት ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ የለም። እንደሚተረከው፣ በ69 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ አንድ ሰው ከሱረቱ-ተውባ 3ኛውን አንቀጽ ሲቀራ ሰሙ። ሰውየው አንዷን ደማ ወደ ከስራ ለወጣት። አላህም መልእክተኛውም ከአጋሪዎች የጠሩ መሆናቸውን የሚናገረው አንቀጽ፣ አላህ ከአጋሪዎችም ከመልእክተኛውም የጠራ ነው ወደሚል፣ ነዑዙ ቢላህ፣ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ ነው ድምፆቹን የሚያመለክቱ ነጥቦችን በሙስሐፍ ላይ ማኖር የጀመሩት።

አማርኛችንም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። በግእዝ በንጉሡ ሠ የሚጻፈው «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ ምሥራቅ ከዚያ ነው የመጣው። በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ሲባል ግን የሌባ ሥራ ነው። ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል። ዐረብኛ የሚያውቅ ልጅ ግን «ሸረቀ» እና «ሰረቀ»ን አስታውሶ የትኛው በየትኛው ሰ እንደሚጻፍ ይደርስበታል።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ቃሉን ብቻ ነጥሎ ማስጻፍ ዋጋ የለውም፤ «ፕሬይ» ብሎ ለጠየቀው ልጅ ሁለቱም መልስ ትክክል ነው። ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይነበብለት። ሒፍዝ እንደሚደረገው በቀን ሁለት ጥንድ ይያዝ፣ የትናንቱ ደግሞ በሙራጀዓ ይከለስ። እናትና አባት እንግሊዝኛ ባይችሉም ታላቅ እኅት ወይም ወንድም ያነባል። በስልኩ አራሚ መተማመን አይበቃም፤ ትርፍ ተብሎ የተጻፈው ቃል በራሱ ትክክለኛ ቃል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር ሳያሰምርበት ያልፋል።

ለመጀመሪያው ምሽት የሚሆኑ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እነሆ፤ ልጆች ወደ እንግሊዝኛ ይመልሷቸው። «የእነርሱ ቤት እዚያ ነው»። «አዛኑን እዚህ ሆነን እንሰማለን»። «በበረሃ ከበቀለው ተምር ለኢፍጧር ጣፋጭ አዘጋጀን»። በሦስቱ ውስጥ ስድስት ወጥመዶች አሉ። በረሃ አንድ ኤስ፣ ጣፋጭ ሁለት ኤስ እንዳላቸው ግን ልጆቹ ጽፈው ሳይጨርሱ አትንገሯቸው።