ለምህንድስና ንድፍ የሚውል ኮምፒዩተር ምን ዓይነት ግራፊክስ ካርድ ያሻዋል?

በኮምፒዩተር የታገዘ የምህንድስና ንድፍ የሚሠራ ተማሪ ኮምፒዩተሩ ሲዘገይበት ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚያደርገው ግራፊክስ ካርዱን ነው። ገበያ ሲወጣ ደግሞ ለጨዋታ የተሠሩና «ፕሮፌሽናል» የሚባሉ ሁለት ዓይነት ካርዶች ያገኛል። የኋለኞቹ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ልዩነቱ የስም ብቻ ነውን? ያለው ገንዘብስ በየትኛው ላይ ቢውል ይበጃል?

የካርዱ ተግባር

በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ጠጣር አካል በስክሪን ላይ ከመታየቱ በፊት ገጹ ወደ ትናንሽ ጎነ ሦስቶች ይከፋፈላል። አካሉን ስናዞረው የጎነ ሦስቶቹ ጫፎች አራት በአራት በሆነ ማትሪክስ ይባዛሉ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ የትኛው ገጽ ከፊት እንደሚገኝ ይለያል። እነዚህ ስሌቶች አንዱ የሌላውን ውጤት ስለማይጠብቁ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቀላል አስሊዎችን የያዘው ካርድ ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ያከናውናቸዋል።

በአንጻሩ ቀዳዳ መብሳት፣ ጠርዝ ማክበብና ልኬት መለወጥ የሚሰሉት በዋናው ፕሮሰሰር ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ስለሚጠብቅ፣ ሥራው በአብዛኛው በአንድ ኮር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሞዴሉ በቀላሉ እየዞረ ልኬት ሲለወጥ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ፣ ካርድ መለወጥ ፋይዳ የለውም።

የሁለቱ ካርዶች ልዩነት

ሁለቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓይነት ቺፕ ይሠራሉ። ለምሳሌ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣቸው አርቲኤክስ ኤ2000 እና ጂፎርስ አርቲኤክስ 3060 መሠረታቸው ጂኤ106 የተባለው ቺፕ ነው፤ የመጀመሪያው 70፣ ሁለተኛው 170 ዋት ይወስዳል። ዋናው ልዩነት ግን ከሚከተሉት ይመነጫል።

አንደኛው ድራይቨር የሚባለው አንቀሳቃሽ ፕሮግራም ነው። የምህንድስና ንድፍ እጅግ ብዙ ቀጫጭን የጠርዝ መስመሮች አሉት። የፕሮፌሽናል ካርዶች ድራይቨር ለዚህ የተቃኘ ሲሆን፣ የንድፍ ሶፍትዌር አምራቾችም ፈትነው ያረጋግጡታል። በሶሊድወርክስ ውስጥ ሪልቪው የተባለው የማሳያ ዘዴ በተደገፉ ካርዶች ላይ ብቻ ይሠራል።

ሁለተኛው ስሕተት አራሚ ሜሞሪ ነው። ከኮስሚክ ጨረር የሚመነጭ ኒውትሮን በሜሞሪ ውስጥ ያለን 0 ወደ 1 ሊለውጥ ይችላል። ካርዱ ለማሳያ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ አንድ ፒክስል ለቅጽበት ቢሳሳት ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ለሰዓታት የጥንካሬ ስሌት የሚሠራበት ከሆነ ግን ስሕተቱ ወደ ውጤቱ ሊገባ ይችላል።

ምን ያህል ሜሞሪ ይበቃል?

ራሳችን እናስላው። 10 ሚሊዮን ጎነ ሦስቶች ያሉት ዝግ ገጽ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጫፎች አሉት። ለእያንዳንዱ ጫፍ 24 ባይት ብንመድብ 120 ሚሊዮን ባይት፣ ለእያንዳንዱ ጎነ ሦስት ዝርዝር 12 ባይት ብንመድብ ሌላ 120 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። 3840 በ2160 ፒክስል የሆነ ስክሪን በየፒክስሉ 8 ናሙና፣ ለየናሙናው 8 ባይት ቢይዝ ወደ 530 ሚሊዮን ባይት ይጠይቃል። ድምሩ አንድ ጊጋባይት አይሞላም። ሶፍትዌሩ የሚይዘውን ብንጨምርበት እንኳ ለተለመደ የተማሪ ሥራ 6 ጊጋባይት በቂ ነው ማለት ይቻላል።

ሞዴሉ ከካርዱ ሜሞሪ ሲተርፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። የኤ2000 ሜሞሪ በሰከንድ 288 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ፣ ካርዱን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር ቢበዛ ወደ 32 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ይኸውም ዘጠኝ እጥፍ ያነሰ ነው።

እንዴት እንምረጥ?

ከመግዛት በፊት በምትሠሩበት ሞዴል ላይ መዘግየቱ የሚታየው ሲዞር ነው ወይስ ልኬት ሲለወጥ የሚለውን ለዩ። ቀጥሎም የሶፍትዌሩ አምራች ያረጋገጣቸውን ካርዶች ዝርዝር ተመልከቱ። ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው አምራቹ ድራይቨሩን ማደሱን አለማቆሙን ያጣራ፤ ኤንቪዲያ «ኳድሮ» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ለአዳዲስ ካርዶቹ መስጠት ስላቆመ፣ ይህን ስም የያዙት ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ሥራው በወረቀት ልክ የሚቀር ባለ ሁለት ገጽታ ንድፍ ከሆነ ግን ተራ ካርድ ይበቃል፤ የተረፈው ገንዘብ ለፈጣን ፕሮሰሰር ቢውል የበለጠ ይጠቅማል።