የጭስ መውጫም ጉልላት ይፈልጋል

የሣር ቤት ሲከደን አናቱ ላይ ሸክላ የሚደፋው በምሰሶው ዙሪያ ዝናብ እንዳይገባ ነው። ታዲያ በጭቃ ጡብ የተሠራው የጭስ መውጫ ስለ ምን ራቁቱን ይቀራል? ውሃ በአናቱ እየገባ ጭቃውን ያርሰዋል፤ ይሰነጠቃል፤ ክረምቱ ሲበረታም ይናዳል።

አንዳንድ ሰው ዝናቡን ፈርቶ አፉን በቆርቆሮ ይደፍነዋል። ይህስ ከዝናቡ የባሰ ነው! ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ በእናቱ ጀርባ የታዘለው ሕፃንም አብሮ ይምገዋል። ጭስ በበዛበት ቤት የሚያድግ ልጅ በሳምባ ምች ቶሎ ይያዛል።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፤ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ አናቱን በሲሚንቶ አስለስኑት። ለ1 እጅ ሲሚንቶ 3 እጅ አሸዋ ነው። ልስኑ ከቀዳዳው ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፤ ውሃው ግድግዳውን ሳይነካ እንዲንጠባጠብም ዳሩ 3 ጣት ያህል ወጣ ይበል። በላዩ የቆርቆሮ ቆብ በእግር ይቁምለት፤ ከአፉ እስከ ቆቡ 1 ስንዝር ክፍት ይሁን፣ ጭሱ በዚያ ይወጣል።

ሲሚንቶ ከሌለ ጭድ የገባበት ጭቃም ያገለግላል፤ ብቻ በየዓመቱ መለሰን አለበት። የሲሚንቶውን ልስን ግን ለጥቂት ቀን ውሃ አርከፍክፉበት፤ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ይሰነጠቃል።