ስልክ ላጎበጠው ጀርባ «ኮብራ»

ይህን የምታነቡት አንገታችሁን ደፍታችሁ፣ ትከሻችሁን ወደ ፊት ጥላችሁ ነው አይደል? ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ለታጠፈ ጀርባ ተቃራኒው እንቅስቃሴ ዮጋ ውስጥ አለ። ስሙ ኮብራ ነው፣ በሳንስክሪት ቡጃንጋሳና። አንገቱን ቀና ያደረገ እባብ አስቡ፣ በቃ እሱ ነው።

ምንጣፍ ላይ በሆዳችሁ ተኙ፣ እግራችሁን ዘርጉ፣ መዳፋችሁን ከደረታችሁ ጎን አድርጉ። አየር እየሳባችሁ ደረታችሁን ቀስ ብላችሁ አንሡ፤ እምብርታችሁ ግን መሬቱን አይልቀቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እጁን ቀጥ አድርጎ ይገፋል፣ ፎቶው ያምራል፣ ጫናው ግን ታችኛው ወገብ ላይ ያርፋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ መዳፋችሁን ለአፍታ ከመሬት አንሡት። ደረታችሁ ዱብ ካለ ሲሠራ የነበረው እጃችሁ እንጂ ጀርባችሁ አይደለም፤ ዝቅ በሉ። አራት አምስት ጊዜ ተንፍሳችሁ ውረዱ፣ ሦስቴ ድገሙት።

እንዲህ ሲሠራ አከርካሪን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ይጠነክራሉ፣ የተጨመደደው ደረትም ይለጠጣል። «ቦርጭ ያጠፋል» የሚሉትን ግን እርሱት፤ ሆድን መለጠጥ ስብ አያቃጥልም።

ለወገብ ሕመምስ? እ.ኤ.አ. በ1956 ኒውዚላንድ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስቱ ሮቢን ማኬንዚ ሕመሙ እስከ እግሩ የሚወርድበትን ታካሚ «ገብተህ በሆድህ ተኛ» አለው። የአልጋው ራስጌ ለሌላ ሰው ከፍ ተደርጎ ነበር፣ ማንም ልብ አላለም። ሰውየው ጀርባው ወደ ኋላ እንደታጠፈ ደቂቃዎች ቆየ። ማኬንዚ ሲመለስ የእግሩ ሕመም ጠፍቷል! ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶች ለአንዳንድ የወገብ ሕመምተኞች የሚያዙት በሆድ ተኝቶ ደረትን የማንሣት እንቅስቃሴ ከዚህ የመጣ ነው፤ ከኮብራ ጋር መንታ ናቸው ማለት ይቻላል።

«አንዳንድ» የምትለዋ ቃል ግን ትሰመርባት። ስትሠሩት ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ እግር ከወረደ ወይም ካደነዘዛችሁ ወዲያው አቁሙ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ በቅርቡ ሆዳችሁን ኦፕራሲዮን የተደረጋችሁ ይለፋችሁ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ወይም እግራችሁ ከከዳችሁ ደግሞ ምንጣፉን ትታችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።